የማቀዝቀዣው ቁልፍ

ከሥልጠና አዳራሹ ሥር ባለችው ካፌ ጥግ ላይ አንዲት ነርስ ተቀምጣለች። በየሥልጠናው የተሰጣት የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የከተማው ቀለም ቀቢ ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር። የአሁኑ ሥልጠና ርዕስ «የጤና ባለሙያዎችን አትግቶ በሥራቸው ላይ ማቆየት» ነው፤ ይኸው እሷን ከሥራዋ ካራቃት አራተኛ ቀኑ።

ሻይዋን አልነካችውም። የምትነካካው አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ ነው። ስልኳ ሲጠራ ዘላ አነሳችው።

«ጋሼ፣ ተተኪዋ ነርስ መጣች?»

የምትሠራበት ክሊኒክ ዘበኛ ድምፅ፣ ከጎኗ ሻይ እየጠጣሁ እስካለሁበት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። «መጥታለች ልጄ። ግን ዛሬ የክትባት ቀን ነው፤ የማቀዝቀዣው ቁልፍ ደግሞ ጠፍቷል። እናቶቹ ሕፃናቱን ታቅፈው በረንዳውን ሞልተውታል። አንቺ ጋ ይሆን እንዴ?»

ቁልፉን ጨብጣ፣ «እስቲ መሳቢያውን ደግመው ይዩት» አለች።

«እሺ፣ ሦስተኛ ጊዜም ቢሆን እናየዋለን። አንቺ ብቻ ሐሳብ ሳይገባሽ ተማሪ።»

አሠልጣኙ ከደረጃው ላይ ተጣራ፦ «እህቴ፣ ነይ እንጂ! ከሥልጠና ቀርተሽ ስለማታውቂ የዛሬው ሽልማት ያንቺ ነው!»

ቁልፉን ከሸሚዟ ሥር ደበቀችና፣ እየተጨበጨበላት ደረጃውን ወጣች።