በአንገቱ የመጣ ድንጋይ

ላቀች ፊሊጶስን ይቅር ላትለው ከማለች ሁለት ዓመት አለፋት። ሽማግሌ ሲላክባት ሻይ ትቀዳለች፤ ምክሩን አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ ከዚያ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብላ ትሸኛቸዋለች። ማን ይፈርድባታል?

ዲቪ ደርሷት ላስ ቬጋስ ከገባች ወዲህ የወደደችው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። አንድ ካዚኖ ምድር ቤቱ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የሮማውያን የድንበር ምሽግ ፍርስራሽ ከአውሮፓ አስመጥቶ ያስጎበኛል። የእነዚያን ድንጋዮች አቧራ በለስላሳ ብሩሽ የምታነሳው እሷ ነበረች። አንደኛው ላይ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ጥበቃው የሰለቸው ወታደር ጆሮ ቆራጣ ውሻ በጭረት ሥሎበታል። ላቀች ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ትለው ነበር።

ፊሊጶስን እዚያ ያስቀጠረችው ራሷ ናት። ዓመት ሳይሞላ አለቃዋ ሆነ። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ድንጋዩ ለሁለት ተሰብሮ፣ ውሻው ያለበት ግማሽ ጠፍቶ፣ ፊሊጶስ ከሸሚዙ ላይ የድንጋይ ብናኝ ሲያራግፍ አገኘችው። እሱ ግን ቀድሞ «ሰብራ የሰረቀችው እሷ ናት» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ተባረረች። ዛሬ በስተርጅና ተንበርክካ የሆቴል መታጠቢያ ቤት ትፈትጋለች። ጉልበቷን ቻለችው፤ ሌባ መባሉን ግን አልቻለችም።

አሁን ፊሊጶስ በቸርቹ ዲያቆን ሊመረጥ ነው፤ ሰው ያዘነበት ደግሞ አይሾምም። አስታራቂው ጋሽ ይስሐቅ ምን እንደሚበቃት ሲጠይቋት «እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ» አለች። እንደማያደርገው እርግጠኛ ነበረች።

እሑድ ከቸርች በኋላ ከጋሽ ይስሐቅ ጋር መጣ። በሯ ላይ ጎንበስ ሲል ሚስቱ ዓለምወርቅ ከመኪናው ኋላ ድንጋይ አውጥታ ማጅራቱ ላይ አኖረችለት።

«እትዬ ላቀች፣ ስለ እግዚአብሔር» አለ መሬት መሬት እያየ።

በወጉ መሠረት ድንጋዩን የምታወርደው ተበዳይዋ ናት፤ ካወረደች አበቃ። ላቀች እየመረራት እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ አንድ ጭረት ነካ። የተቆረጠችውን ጆሮ አገኘች።

«ዓለምወርቅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከጋራዣችን፣ ከቀለም ቆርቆሮው ጀርባ። ግቢያችን ጠጠር ብቻ ሆነብኝ እኮ።»

ፊሊጶስ ቀና ሊል ሲል ላቀች በመዳፏ ድንጋዩን ተጫነችው። ደስ አላት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ደስታው ክፉ መሆኑን አውቃለች፤ አላፈረችበትም።

«በይ እንጂ አውርጂለት» አሉ ጋሽ ይስሐቅ።

«አይወርድም፣ ጋሼ። እርስዎ መኪናዎን ያስነሱ። እንደተሸከመ ካዚኖው ድረስ እንወስደዋለን፤ ይቅርታውን እዚያ፣ አለቆቹ ፊት ይጠይቀኝ።»