ገና ያልተሠራው ጎማ

መኪናዋን የገዛኋት ከነዶሮዋ ነው። ቢቸና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ ግቢ ውስጥ፣ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ለዓመታት የቆመች ባለ ሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪና ነበረች። ትቷት የሄደው መንገድ ሲያሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። የግቢው ባለቤት ጠባቧን የኋላ መቀመጫ የዶሮ ማስታቀፊያ አድርጓት ኖሯል። በዋጋ ተስማምተን ስናበቃ፣ ዶሮዋ እስክትፈለፍል ድረስ መኪናዋ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ የሚል ውል ጨመረብኝ። ሃያ አንድ ቀን ጠበቅሁ። በሃያ ሁለተኛው ቀን አሥር ጫጩትና አንድ መኪና ከግቢው ወጡ፤ መንደሩ ያደነቀው ጫጩቶቹን ነው።

መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። በስልኬ ካየሁት፣ በማላነበው ቋንቋ ከተጻፈ አሮጌ የጥገና መጽሐፍ ሥዕሎችና ከራሴ ስህተት ነው የተማርሁት። የመኪናዋን የራሷን ሞተር ማዳን እንደማይቻል ሳውቅ ከአንድ የተገለበጠ ሚኒባስ የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው ገዛሁ። እሱን ከእሷ ጋር ለማጋባት አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለት ጊዜ ቆረጥሁ፣ አንድ ጊዜ አለቀስሁ፤ የመጨረሻውን ማንም አላየም።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ጎረቤት ሁሉ መጣ። ድምፁ ግን ያው የሚኒባስ ድምፅ ነው። ከአጥሩ ውጭ መኪና ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ሴቶች ጆንያቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉና ደብረ ወርቅ እሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሄድም አልኋቸው። መሄድስ አይቻልም ነበር፤ መኪናዋ የቆመችው በአራት ጥርብ ድንጋይ ላይ ነው። የራሷ ቸርኬዎች ዝገት በልቷቸው በጣት ሲነኳቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሸረፋሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ በየቀኑ እያለፉ ምክር ይሰጡኝ ነበር፦ የባጃጅ ጎማ ግጠምላት፤ ደግሞ ሦስት ይበቃታል፣ አራተኛውን ለእኛ ስጠን።

እንዲህ እያልን ሳለ እህቴ ልታገባ ሆነ። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ መርፌ ስትወጋም ሆነ ስትናገር እጇ አይንቀጠቀጥም። ሙሽራው የሞጣ ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። እራት ላይ፣ አባታችን ስለ ሚኒባስ ኪራይ ሲያወራ፣ አቋረጠችውና እንዲህ አለች፦

«ይቺ ከተማ አራት ዓመት ሙሉ የሳቀችባትን መኪና ተሳፍሬ ነው ሞጣ የምገባው። ያለዚያ አልገባም።»

አባቴ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። እሱን ያስጨነቀው የመኪናዋ ነገር አልነበረም፤ የሥርዓቱ ነገር ነው። በሰርግ ቀን የሙሽራዋ ወንድም ሥራ በር ላይ ቆሞ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን አላሳልፍም ማለት እንጂ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እህቱን እስከ ባሏ ደጅ ማድረስ አይደለም አለ። ሙሽራ ናት ወይስ የታዘዘ ዕቃ ብሎ ጠየቀ። እህቴ፣ ዕቃ እንኳ ሲታዘዝ በደህና ጎማ ነው የሚመጣው ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሰርጉ ሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀርቶናል።

እኔ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አልዋሽም። ከቢቸና ሞጣ ያለው መንገድ ግማሹ ደህና፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው፤ ቁልቁለቱም ዳገቱም አይጠፋም። መሐል መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ በቬሎ ድንጋይ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ቀልዱን አራት ዓመት የለመድሁት እኔ ነኝ፤ እሷ በአንድ ቀን ትወርሰዋለች።

ስለዚህ መለካት ጀመርሁ። ቸርኬ መምረጥ ለሚያይ ሰው ጫማ እንደ መምረጥ ነው፤ ቁመቱን አይተህ፣ ጠቁመህ፣ ትገዛለህ። እንዲያ አይደለም። የብሎኖቹ ቀዳዳ አራት መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ሚሊ ሳያልፍ መግጠም አለበት። መሐል ያለው ትልቁ ቀዳዳ ከጠበበ አይገባም፣ ከሰፋ ይንቀጠቀጣል። ቸርኬው ወደ ውስጥ ከገባ ፍሬኑን ይነካል፣ ወደ ውጭ ከወጣ ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይጣላል። ይኼ ሁሉ ሲሟላ ደግሞ የሚኒባሱ ሞተር ከድሮው ስለሚከብድ ጎማው ያንን ክብደት መቻል አለበት። በፓራፋንጎው ውስጥ ስንት ጣት ቦታ እንዳለ ለማወቅ ሊጥ ያስፈልገኝ ነበር፤ ለጥፈህበት ጎማውን ስታዞር ሊጡ የተላጠበትን ታያለህ። እናቴን አንድ ጭብጥ ሊጥ ስለምናት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ሰጠችኝና፣ መኪናህ ከዶሮዎቹ የባሰች በላተኛ ናት አለች።

ቢቸና ያሉትን ሱቆች በሁለት ቀን ጨረስሁ። የሚገጥም አልተገኘም። ሞጣ ጎማና ቸርኬ የሚነግዱ አንድ ሀጂ እንዳሉ ሰምቼ መንገዱ ሰላም መሆኑ እንደተነገረን ከእህቴ ጋር በሚኒባስ ሄድን። አብራኝ የመጣችው ልትረዳኝ አይደለም። ሰው ባለበት እንደማልናገር፣ የማልፈልገውንም ቢሰጡኝ ተሸክሜ እንደምመለስ ስለምታውቅ ነው።

ሱቁ ከመሬት እስከ ጣሪያ ጎማ ነው። ሀጂ በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከወንበራቸው የሚነሱ ሰው ናቸው። እህቴ ስፖርት መኪና አለን ስትል አልሳቁም። ከጓዳ ገብተው አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች ከነጎማቸው እያንከባለሉ አወጡ። ሰፋ ያሉ፣ ጎማቸው ቀጭን፣ አምስት ጣት የተዘረጋ የሚመስሉ። መለኪያዬን አውጥቼ ለካሁ። የቀዳዳው ርቀት፣ መሐሉ፣ ጥልቀቱ፣ ሁሉም ገጠመ። በሕይወቴ ሁሉ ነገር አንድ ላይ ሲገጥም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ድጋሚ ለካሁ። ገጠመ።

እህቴ አንዱ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። እኔ ተንበርክኬ የጎማውን ጎን ማንበብ ጀመርሁ። ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ተለይታ በትንሽ ክብ ውስጥ የምትቀመጥ አራት ቁጥር አለች፤ ጎማው በስንተኛው ሳምንት፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ የምትናገር። 2415 ትላለች። ሀጂ ጣቴን አይተው፣ «አዎ ልጄ፣ አሥራ አምስት ነው። ዘንድሮ አሥራ ሰባት። የሁለት ዓመት ጎማ ነው፣ ገና ጨቅላ ነው» አሉኝ።

ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ጥርሶቹን ከፈት አደረግሁ። ላዩ በቅባት ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን በበጋ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አሥራ አምስት የኛ አሥራ አምስት አይደለም። የፈረንጅ ነው። በእኛ ሁለት ሺህ ሰባት፣ ሰኔ ላይ መሆኑ ነው። ጎማው አሥር ዓመት ሊሞላው ነው።

እህቴ ፊቴን አይታ ፎቶ ማንሳቷን አቆመች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዘመኑ በፈረንጅ ነው የተጻፈው አልሁ። ሀጂ አልተቆጡም። ከመርካቶ ያስመጣላቸው ሰው ኢትዮጵያ የሚገባ ጎማ በኢትዮጵያ ዘመን ነው የሚታተመው እንዳላቸው፣ ለአገሩ ታስቦ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ዋሹ ብዬ አላስብም፤ አምነው ነው የሚሸጡት። እንዲያውም ፋብሪካው ስላሰበልን ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ጎማ ሊያስለጥፍ የገባ አንድ የባጃጅ ሾፌርም ከሀጂ ጋር ወገነ፤ መድኃኒት እንኳ በሰው ልክ ይታዘዛል፣ ጎማ በአገሩ ዘመን ቢታተም ምን ይደንቃል አለ። እህቴ መድኃኒቱን በተመለከተ መልስ ነበራት፤ ዋጥ አደረገችው።

ክርክር አልችልም። የምችለው ማንበብ ነው። ተነስቼ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርሁ። ሀጂ ሌላ ምርጫ የምፈልግ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ አዲስ የባጃጅ ጎማ፣ ፀጉሩ እንኳ ያልረገፈ፣ አወጣሁና ፊታቸው አስቀመጥሁት። 1123 ይላል፤ ዓመቱ ሃያ ሦስት።

«ሀጂ» አልሁ፣ «እንደርስዎ አቆጣጠር ከሆነ ይሄ ጎማ የሚሠራው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለባጃጁ ሾፌር ነው። «በሉ እንግዲህ ሀጂ፣ ይሄን ልውሰደው። ብሩን ሲሠራ እከፍላለሁ።»

ሀጂ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጎማውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ቁጥሩን ሁለቴ አነበቡ። ከዚያ ወደ ባለ አሥራ አምስቱ ሄደው እኔ እንዳደረግሁት በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና ስንጥቁን አዩ። ከኪሳቸው ገንዘብ ሳይሆን የጠመኔ ስባሪ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«የቀሩትንም አንብብልኝ ልጄ» አሉ።

አነበብሁ። እያንዳንዱ ጎማ ላይ የኛን ዘመን በጠመኔ ጻፍሁ። ሀጂ ለሶላት ወጥተው ሲመለሱም አልጨረስሁም ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስምንት ዓመት አረጀ። ወጣት የነበሩት ጎልማሳ፣ ጎልማሳ የነበሩት ጡረተኛ ሆኑ፤ ሀጂ ጡረተኞቹን እየለዩ ወደ ግድግዳው ጥግ ይገፏቸዋል፤ እነዚህ ለፈረስ ጋሪ፣ እነዚያ ለበረባሶ ይላሉ። እኔ ደግሞ ማዘኔ አልቀረም። የተናገርሁት እውነት ነው፤ ግን ሰውየው ጠዋት የነበራቸው ሱቅ ከሰዓት በኋላ አልነበራቸውም።

ሲያልቅ፣ ያማረውን ቸርኬ ብቻውን ውሰድና ጎማውን ከአዲስ አበባ አስመጣ አሉኝ። ያንን መጠን ለሰርጉ በቀሩን ዘጠኝ ቀናት የሚያደርስ መኪናም፣ የሚያሳልፍ መንገድም እርግጠኛ አልነበረም። የሚገጥም ሌላ ያላቸው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ጥቁር ቀለም የተቀባ ተራ የብረት ቸርኬ፣ ጎማው ረጅም፣ ለጭነት የተሠራ፣ የተሠራውም አምና። እህቴ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ይሄ የጤፍ ጎማ ነው» አለች።

«እታለም» አልኋት፣ «በዚያኛው ታምሪያለሽ። በዚህኛው ትደርሻለሽ።»

ለረጅም ጊዜ ያማሩትን ቸርኬዎች አየቻቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጠፋች፤ አንዱን ጥቁር ጎማ ወደ በሩ ራሷ አንከባለለችው።

ቢቸና ስገጥመው እንደፈራሁት ሆነ። ሊጡ ሁለት ቦታ ተላጠ፤ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ አጠፍሁት፣ እንደገና ለጠፍሁ፣ እንደገና አዞርሁ፣ ሊጡ ሳይነካ ቀረ። መኪናዋ ግን ከአገር ሁሉ ከፍ ብላ ቆመች። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወንዝ ሊሻገር የተዘጋጀ የቢሮ ሠራተኛ ትመስል ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ ይህንን ሲያዩ ለአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ፈቱ።

የሰርጉ ቀን አባቴ እኔን ተክቶ ራሱ በር ላይ ቆሞ ተከራከረ፤ ሙሽራውን ከልክ በላይ አስጨነቀው። ከዚያ መሳፈር ሆነ። እህቴ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ሙሽራው ደግሞ ዶሮዋ ትታቀፍባት በነበረችው መቀመጫ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ፣ ሱፉን እንደለበሰ ታጠፈ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ነገሩ እንደማይሆን ገና ሳይገባ አስልቶት ነበር፤ ግን ምን ይላል።

መንገዱ ላይ ምንም አልሆነም። ይህን ስጽፍ ቅር አይለኝም፤ ጎማ ሥራውን ሲሠራ የሚወራ ነገር አይኖርም። ኮረኮንቹ ላይ ከታች የሚመጣውን እያንዳንዱን ድምፅ እየለየሁ ሰማሁ። ግንደወይንን አለፍን። ከኋላችን የሚመጣው የሰርገኛ ሚኒባስ ያለማቋረጥ ጥሩንባውን ይነፋል። እህቴ መንገዱን ሙሉ ቀለደች፤ ስለ አባታችን፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ እኔ ከረቫት። እጇ ግን ከበሩ እጀታ ላይ ከቢቸና እስከ ሞጣ አልተነሳም። ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የሙሽራው ቤት ደጅ ስንደርስ ሰው ግጥም ብሏል። ሞተሩን አጠፋሁት። እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ በሩን ሊከፍቱላት ሲመጡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ መኪናዋ ከፍ ያለች መሆኗን ሲያዩ ቀና አሉ። እህቴ ግን ወዲያው አልወረደችም። እጀታውን ለቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደረቷ ዝቅ እስኪል ድረስ አየር አወጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጎማው አልተነፈሰም» አለችኝ፣ «እኔ ግን ገና አሁን ተነፈስሁ።»

ቬሎዋን ሰብስባ ወረደችና ሕዝቡ ውስጥ ገባች። ሙሽራውን ከኋላ ለማውጣት ሦስት ሚዜ አስፈለገ።