ቀይ ሥር የመሰለው ሳሪ

አክስቴ ቫዲቩ በሠርጓ ቀን የተነሣችው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊቷ በፓውደር ነጥቶ አመድ መስሏል፤ እጆቿ ጥቁር ናቸው። ልጅ ሆኜ፣ "የማን እጅ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እጁስ የእኔ ነው፤ ፊቱ ነው የሰው" አለችኝ።

የእሷን መልክ የወረሰችው ልጇ ኢላክያ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ አክስቴ ለሠርጉ የምትለብሰውን የሐር ሳሪ ልንመርጥ ማዱራይ ገበያ ወጣን። የአክስቴ ባል እኅት ሸንበጋም አብራን ነበረች። ሱቁ በር ላይ ጫማችንን አውልቀን የተነጠፈው ነጭ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥን፣ ሻጩ አክስቴን አየት አድርጎ ክሬም፣ ቡኒና አመድማ ሐር ዘረጋ።

"እነዚህን አንሣና ያንን አውርድልኝ" አለችው። የጠቆመችው ቀይ ሥር የመሰለውን ነበር።

ሸንበጋም ሳቀች። "ኧረ ቫዲቩ! በዚህ መልክሽ? ሰው ሙሽራዋን ትቶ አንቺን እንዲያይ ነው?"

"ይየኝ! እስከ ዛሬ መቼ አየኝ?"

ሻጩ ሐሩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ መስተዋት አቀረበላት። በአምፖሉ ብርሃን ሐሩ ደበዘዘ፤ እሷም የታመመች መሰለች።

"ለእትዬ ፈዘዝ ያለው ይሻላቸዋል" አለ።

"አላልኩሽም?" አለች ሸንበጋም።

አክስቴ ብድግ አለች። ሐር በፀሐይ ሳይታይ አይገዛም። ሳሪውን እንደደረበች በባዶ እግሯ ወደ ደጅ ወጣች። ሻጩ "እትዬ፣ ወዴት ነው? እትዬ!" እያለ ተከተላት።

በሩ ላይ አበባ የምትጎነጉነው ሴት ቀና ብላ አየቻት። "ውይ እናቴ! ይሄማ ላንቺ የተሸመነ ነው። የበቀቀን አረንጓዴ ሸሚዝ ልበሺበት። ጸጉርሽ ላይ ብርቱካንማ አበባ ሰኪ፤ ነጩን ለፈሪዎች ተዪላቸው።"

አክስቴ ወደ ሻጩ ዞረች። "ጠቅልልልኝ።"

በሠርጉ ማለዳ ልክ እንደተባለችው ለበሰች። እጥፋቱን ተንበርክኬ ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። የወርቅ ጥለቱ ሙሉውን እንዲታይ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ሰፋ አድርገን በመርፌ ቁልፍ ያዝነው።

ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ሲደረድር ሸንበጋም የፓውደር ቆርቆሮ ይዛ መጣች። "ትንሽ ብቻ። ለኢላክያ ስትይ።"

አክስቴ ቆርቆሮውን ተቀበለቻት። ተሸነፈች ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችና መለሰችላት።

"እምቢ ያልኩት ለኢላክያ ስል ነው።"

ኢላክያ ሰማች። የእናቷን ፊት ትንሽ አየችና ከወገቧ መሐረብ አውጥታ የራሷን ጉንጭ ፓውደር ትጠርግ ጀመር። ፎቶ አንሺው ቆሞ ጠበቃት።