ለፕላዝማው የምትመልሰው ልጅ

ባለፈው ሰሞን ደሴ ለስልጠና ተጠርተን ነበር። የስልጠናን ነገር መቼም ታውቀዋለህ፤ የታሸገ ውኃ፣ አርማ ያለበት ቦርሳ፣ ከፊት ደግሞ ፈገግታ የማይሰለቸው ወጣት። ወጣቱ ከአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የመጣ ነው። ለተማሪዎች ይታደላል የተባለውን ታብሌት ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ጣቱን ሲያሳርፍበት ታብሌቱ በለስላሳ የሴት ድምፅ «በጣም ጎበዝ!» አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ እጄን ሳላነሳ ቀረሁ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የናፍጣ ጭስ ሸተተኝ።

የዚያ ጭስ አገሩ መካነ ሰላም ነው። አሥረኛ ክፍል የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ጄኔሬተር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያው ብዙ ጊዜ ማለት ነው፣ ዘበኛው እየተሳደበ ያስነሳዋል፤ ጭሱ በተሰበረው መስኮት ገብቶ ከእኛ ጋር ይማራል። ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ጄኔሬተሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ! ሽታው ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል።

ፕላዝማ የገባ ሰሞን ከተማው ከሠርግ ቤት አይተናነስም ነበር። አይሱዙው ከደሴ ያንን ሁሉ ዳገትና ብርድ አልፎ ሲደርስ ካርቶኖቹን ያወረድነው እኛው ተማሪዎች ነን፤ እንደ ጨቅላ አቅፈን። እግሩ የተሰበረ ዴስክ በገመድ አስረን የምንቀመጥ ልጆች ግድግዳችን ላይ እንደ በር የሰፋ ቴሌቪዥን ተሰቀለልን። እንዳይሰረቅ ደግሞ የብረት ሳጥን ተሠራለት፤ ሳጥኑም ቁልፍ ተበጀለት። ሊመርቁት የመጡት ባለሥልጣን «ከዛሬ ጀምሮ የአዲስ አበባ ተማሪና የመካነ ሰላም ተማሪ በአንድ መምህር ይማራሉ» ሲሉ እጃችን እስኪቃጠል አጨበጨብን። እውነቱን ልንገርህ፣ ሐሳቡን ዛሬም አልጠላውም። ከአዲስ አበባው ልጅ አጠገብ ተቀምጠን የምንማር መስሎኝ ያን ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር።

ሳጥኑ ሲከፈት ክፍሉ ሰማያዊ ይሆናል። ከረቫት ያሠረ ሰውዬ ይወጣና በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል። አንዱን ጽፈን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ቀና ስንል አልፏል። በረዶ በጣለ ቀን ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው የሳተላይት ሳህን በረዶ ይሞላና ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ያኔ አንድ ጎረምሳ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በመጥረጊያ ሲጠርግ እኛ ከታች «ወደ ግራ! መጣ! ኧረ ሄደ!» እያልን እንጮሃለን። የተማርነውን ብረሳ ያንን ጩኸት አልረሳውም።

አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አባቷ በሰፈራችን ዱዓ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ድርቅ ሲያሰጋ፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ግቢ ይሰበሰባል። እሳቸው «ዝናቡን የምሕረት ያድርገው» ይሉና ዝም ይላሉ። ተሰብሳቢው «አሚን» ይላል። እሱን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። ልጃቸው እዚያ መሐል ያደገች ናት፤ ለእሷ፣ ሰው ተናግሮ ዝም ካለ የአንተን ድምፅ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

እናም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያ የሒሳብ ሰውዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀና ዝም አለ። ማያው ጥግ ላይ ትንሽ ሰዓት ትዞራለች። እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። የዴስክ ጓደኛዬ ብድግ አለችና ጮክ ብላ መለሰችለት። ሰውዬውም ሰዓቷ ስታበቃ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» አላት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ከእኛ ጋር ሳቀች።

እኛ ስቀን ተውነው፤ እሷ ግን በየቀኑ መመለሷን አልተወችም። እንደማይሰማት ታውቃለች፣ ሞኝ አልነበረችም። አንድ ቀን «ለምን ትለፊያለሽ?» ብላት ዓይኗን አፍጥጣ «ጠይቆኝ ዝም ልበለው? ኧረ በአላህ፣ ነውር አይደለም እንዴ!» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደሞስ ሌላ ማን ቬሪ ጉድ ይለኛል» አለች። የመጀመሪያው ቀልድ ነበር፤ ሁለተኛው አልነበረም።

የሚያሳዝነው፣ መልሷ ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነበር። ቁጥሩን ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ማዶ ስታሻግር ምልክት መቀየር ትረሳለች፤ ሁልጊዜ፣ እዚያችው ቦታ ላይ። ሰውዬው «ቬሪ ጉድ» ብሎ ትክክለኛውን መልስ ብልጭ አድርጎ ያልፋል። እሷ ምስጋናውን ሰምታ የራሷ መልስ ላይ ራይት አድርጋ ቁጭ ትላለች። ከእኛው ጋር ክፍል ውስጥ ያለው የሒሳብ መምህራችን ይህንን ያያል፤ ግን ምን ያድርግ? መመሪያው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው የሰጠው። በተረፈው ሰዓት ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሳጥኑ አጠገብ እንደ ሚዜ ይቆማል።

ለእሷ ደግሞ ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ታላቅ እህቷ ጅዳ ሰው ቤት ነበረች። አባቷ «ብሔራዊ ፈተናውን ካለፍሽ ትማሪያለሽ፤ ካላለፍሽ ግን እህትሽ ዘንድ ነው» ብለዋታል። ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ በየቤቱ የሚባለው ያው ነበር። እሷ ጅዳን እንደ በሽታ ነበር የምትፈራው። እህቷ ስትደውል ከሰላምታ በኋላ የምትናገረው ጠፍቷት ዝም እንደምትል ነግራኛለች።

አንድ ከሰዓት እነሱ ቤት ንፍሮ እየቃምን ስናጠና አባቷ መጥተው አጠገባችን ቁጭ አሉ። ስለ ፕላዝማው ከልጃቸው ብዙ ሰምተዋል።

«ይኼ አስተማሪያችሁ ሰውዬ፣ ይሰማችኋል?» አሉን።

«አይሰማንም፣ አባ» አለች እሷ።

«ያያችኋልስ?»

«አያየንም።»

«ታዲያ ጎበዝ የሚለው ማንን ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው «በሉ እንግዲያ፣ አላህ ያግዛችሁ» ብለው ተነሡ።

ከዚያ ናፍጣ ያለቀ ቀን መጣ። መብራቱም የለ፣ ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። ዝምታው ጆሮ ያስደነግጥ ነበር፤ ለካ ባሕር ዛፎቹ እንዲህ ይንሾካሾካሉ! መምህራችን የሳጥኑን በር ገፋ አድርጎ ዘጋና ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። አንድ ጥያቄ ጽፎ ዞር ሲል የዴስክ ጓደኛዬ እንደለመደችው ብድግ ብላ መለሰች።

«ተሳስተሻል» አላት።

ፊቷ ላይ የነበረውን መደናገጥ ብታይ! አንድ ሰው ከሳጥን ውስጥ ወጥቶ እጇን የያዛት ነበር የምትመስለው። መምህራችን ጠመኔውን ዘረጋላት፤ ወጣች። ምልክቷን ሳትቀይር አሻገረችው።

«እኔ የየት አገር ሰው ነኝ?» አላት።

«የጎጃም።»

«አባይን ተሻግሬ መጥቼ እንደ ድሮዬ ነኝ? ይኸው በየሄድኩበት እንደ እናንተ አብሽር አብሽር እያልኩ የለም እንዴ! የተሻገረ ይቀየራል። ምልክቱንስ ለምን ከለከልሽው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች በመዳፏ አጠፋችና እንደገና ጻፈች። አሁንም ሌላ ቦታ ሳተች። እሱም «አሁንም ተሳስተሻል። አብሽሪ፣ ጊዜ አለን» አላት። ጊዜ አለን! ያንን ቃል ከዚያ ማያ ውስጥ አንድም ቀን ሰምተነው አናውቅም። በስተመጨረሻ ሲቀናት ራሱን ነቅንቆ «እህ፣ እሱ ነው» ብቻ አላት። እሷም ጠመኔ በጠመኔ የሆነ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አልበረደላትም። «ተሳስተሻል አለኝ እኮ!» ትለኛለች።

«ይኼ ያስደስታል?» አልኳት።

«ሰማኝ እኮ! ሰምቶኝ ነው ተሳስተሻል ያለኝ፣ ወላሂ።»

ከዚያ ወዲያ መምህራችን መብራት ቢኖርም ሳጥኑን መክፈት ተወ። ጠመኔ፣ ሰሌዳ፣ ተሳስተሃል፣ ተሳስተሻል። ጓደኛዬ ቁጥር ማሻገር ለመደች። እንዲያውም እኔ ስሳሳት በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አባይን!» ትለኝ ጀመር። ለፈተናው ትደርሳለች ብዬ በልቤ የወሰንኩት ያኔ ነው።

አልቆየም። አንድ ጠዋት ከዞን ለክትትል የመጡ ሰዎች ከርዕሰ መምህሩ ጋር ገቡ። ሳጥኑ ተዘግቷል፣ መምህራችን ጠመኔ ይዟል፣ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ይንደፋደፋል። ከመጡት አንዱ ሰዓቱን አይቶ «ፕሮግራሙ እያለፈ ነው እኮ!» አለ። መምህራችን «ልጆቹ ገና አልገባቸውም፣ ጌታዬ» አለ። ሰውዬው መልሶ «እኮ፣ እያለፈ ነው!» አለው። የልጆቹን ነገር ያነሣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ግምገማ ላይ ምን እንደተባለ በኋላ ከመምህራኑ ሰማን። የአመለካከት ችግር አለበት ተባለ፤ አገር የለፋችበትን ቴክኖሎጂ ይፈራል ተባለ። ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ሒሱን እንዲውጥ ተደረገ። ሳጥኑ ተከፈተ። መምህራችን ከዚያ በኋላ ሚዜነቱንም ትቶ በሩ ጋ መቆም ጀመረ፤ ጠመኔው ግን ከእጁ አይለይም፣ ጣቶቹ መሐል ያንከባልለዋል። የዴስክ ጓደኛዬ ለፕላዝማው መመለሷን አቆመች። ሰውዬው ጠይቆ ዝም ይላል፣ ሰዓቷ ትዞራለች፣ ማንም አይተነፍስም፤ እሱም ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። የዚያን ጊዜ ያደረብኝ ድካም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም።

ውጤቱ በክረምት መጣ። እኔ አለፍኩ፤ ወንድሜ ከደሴ ኮሌጅ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያስጠናኝ ነበር። እሷን ሒሳቡ ጣላት፤ ለትንሽ ነው የቀረባት። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ቆመን «አብሽሪ» አልኳት። እሷም «አልሃምዱሊላህ» ብላ ሻሿን አጠበቀች።

ወደ ጅዳ የሄደች ቀን መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ የአውቶቡሱ መብራት ብቻ ነበር የሚታየው። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። «መንገዱን ያቅናልሽ» አሉ፤ «አሚን» አልን። «ከክፉ ሰው ይሰውርሽ» አሉ፤ «አሚን» አልን። «በሰላም ይመልስሽ» አሉና ዝም አሉ። እኛ «አሚን» ብለናል፤ የእሷ ድምፅ ግን አልነበረበትም። እሳቸውም አልቀጠሉም። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ረዳቱ በሩን ደበደበ፣ ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ። ከብዙ በኋላ፣ በስንት ጣር፣ «አሚን» አለች። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያወረዱት።

ፕላዝማዎቹ በኋላ አንድ በአንድ ጠፉ። የሸጡት ሸጠው ሄዱ፤ ያዘዙት ተሹመው ሄዱ። መምህራችንም አባይን መልሶ ተሻገረ፤ አድራሻውን የሚያውቅ አላገኘሁም። የብረት ሳጥኖቹ ግን አሉ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ያለው ሳጥን ውስጥ መጥረጊያና ጠመኔ አስቀምጣለሁ።

ደሴው ስልጠና ላይ እጄን አወጣሁ። «ይኼ ታብሌት ልጁ የተሳሳተው ለምን እንደሆነ በምን ያውቃል? መምህሩስ ‹ቁሙልኝ፣ ልጆቹ አልገባቸውም› ሊል ይችላል?» አልኩ። ወጣቱ ፊቱ እንደበራ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» አለና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። ከጎኔ የነበሩ መምህር ክንዴን ነካ አድርገው «ተይው፣ እህቴ፣ ምሳ ደርሷል» አሉኝ። ልክ ነበሩ፣ ምሳ ደርሶ ነበር።

ማታውን የዴስክ ጓደኛዬ ከጅዳ ደወለች። አንዴ መጥታ ነበር፤ አባቷን ቀብራ ተመለሰች። የታብሌቱን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ያው የድሮው፣ አፏን በሻሽ የምትሸፍንበት ሳቅ። «ሲሳሳቱስ ምን ይላቸዋል?» አለችኝ። ልነግራት ስጀምር መስመሩ ተንኮሻኮሸ። የእሷ ድምፅ ይመጣል፤ የእኔ ግን አይደርስም።

«አለሽ?» አለች። «አለሁ» አልኳት።

«ትሰሚኛለሽ?» አለችና ጠበቀች።

«እሰማሻለሁ!» አልኩ፤ ብድግ ብዬ፣ ጮክ ብዬ። ድምፄ አልደርስ ሲላት ቶሎ የምትዘጋው መስሎኝ ነበር፤ አልዘጋችም። ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እኔም በየመሐሉ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ፣ መመለሴን አልተውኩም።