ሰባት ቤት ያልሞላው አሜሪካዊ

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኮተቤ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አንድ አሜሪካዊ እህቴን ሊያገባ ፈልጎ፣ የሥራ ባልደረቦቹን የካ ሚካኤል አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። አባቴ በክብር አስቀምጦ ሰማቸውና «ሰባት ቤት ቆጥሮ ይምጣ» ብሎ ሸኛቸው።

ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ይህ ሰው በምን ተአምር ይዛመደናል? የንስሐ አባታችን እንኳ «ይሄ እኮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ምን ቆጠራ ያስፈልገዋል?» ብለውት ነበር። አባቴ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። አስተርጓሚነቱ ደግሞ እኔ ላይ ወደቀ።

ፈረንጁ አንድ እሑድ መጣና አባቱንና አያቱን ጠርቶ ቆመ።

«ቀጥል በለው» አለኝ አባቴ።

አልኩት። አላውቅም አለ።

«ቅድመ አያቱን ሳያውቅ ነው የሰው ልጅ የሚያስተምረው?» ብሎ አባቴ እኔ ላይ ጮኸ፤ ሰውየውን የወለድኩት ይመስል።

ፈረንጁ አሜሪካ ላለች አክስቱ ስልክ ደወለ። ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስታገላብጥ፣ መቃብር ለመቃብር ስትዞር ከርማ ሁለት ሰው አገኘች። እፎይ ስል ሌላ ጣጣ መጣ።

«የሁሉም መጨረሻ አንድ ስም ነው። ያታልለናል እንዴ?» አለ አባቴ።

የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንዳላቸው፣ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ፣ ሚስትም ስታገባ በዚያው እንደምትጠራ አስረዳሁት።

«እሺ፣ መጀመሪያ የማን ስም ነበር?»

ራሴን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ነው የቀረኝ። እንደገና ስልክ፣ እንደገና መጠበቅ። እህቴ በበኩሏ «አንተ እኮ በደንብ አታስረዳውም» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሁለቱንም ጥዬ ብጠፋ ደስታዬ ነበር።

በመጨረሻ ፈረንጁ አምስተኛውን ሰው ይዞ መጣ። ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ አናጢ ነው። በወጣትነቱ ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት ወጣ፤ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ጀልባ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ተቀጠረ፤ የአባቱን ስም ጥሎ በአሠሪው ስም መጠራት ጀመረ። የቤተሰቡ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከእሱ በላይ ያለውን የሚያውቅ የለም፤ ቆጠራው አምስት ቤት ላይ ተቆረጠ።

በተሰላቸ ድምፅ ተረጎምኩለት። «ሁለት ይቀረዋል» እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር። አባቴ ግን «አባትየው ፈልጎታል?» አለ።

ፈረንጁ እንደማያውቅ ነገረን።

«ተመልሶስ አባቱን አላየም?»

ይህንንም የሚያውቅ አልነበረም።

ትዕግሥቴ አለቀ። «አባዬ፣ ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! አባቱ ቢፈልገው ባይፈልገው ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»

አላየኝም። በሩ ጋ የቆመችውን እህቴን ነበር የሚያየው። ከዚያ ወደ ፈረንጁ ዞረ።

«ይዘሃት ልትሄድ ነው፣ አይደል?»

ያን ሁሉ ወራት ይህን አንድም ቀን አልጠየቀም ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት ፈረንጁ በአማርኛ «አዎ፣ አባባ» አለ።

ሲያስቆጥር የከረመው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝና አንጀቴን በላኝ። አንድ ቅድመ አያት በጎደለ ቁጥር እህቴ አንድ ወር ቤታችን ትቆይ ነበር።

«ሁለቱ ቤት ይቅር» አለ አባቴ። «እዚያ ስትሄድ ግን በእኔ ስም ትጠራ።»