የአሯሯጩ እግር

ከውድድሩ በፊት የመጨረሻው ረጅም ልምምድ ነው። ከፊት የሚሮጠው ቀጭኑ አሯሯጭ ነው፤ በውድድር ቀን ጓደኞቹን እስከ ግማሽ መንገድ ስቦ ማቋረጥ ነው ሥራው። የለበሰው ካኔቴራ እንኳ ከጓደኞቹ አንዱ አሸንፎ ሲመጣ የሰጠው ነው።

ዛሬም ንፋሱን በደረቱ እየመከተ ዳገቱን አወጣቸው። የልምምዱ መጨረሻ መንገዱ ዳር ያለ የውሃ ታንከር ነበር። ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ግን እሱ ድንገት ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ። እነሱ አልፈውት ሄደው ታንከሩ ጋ ተቃቀፉ፤ እሱ በእርምጃ ደረሰባቸው።

«ምን ነካህ አንተ? ዛሬ እኮ ልምምድ ነው፤ ማን ውጣ አለህ?» አለው ካኔቴራውን የሰጠው፣ እየሳቀ።

«እግሬ ለምዶበት ነው» አለ ለወጉ ፈገግ ብሎ።

እነሱ ሣሩ ላይ ተዘርረው ሲያለከልኩ፣ ከሁሉም ያልደከመው እሱ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የጫማውን ክር ያስር ነበር።