ጎታው ውስጥ የተተወ ቦታ

በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ጉና ሥር ወዳሉት መንደሮች ስትወጣ እኔን ታስከትላለች። እኔም እግሬ ቤት አያስቀምጠኝ። እሷን አይቶ በሩን የሚዘጋ ሰው እኔን ሲያይ ይከፍታል።

"እማማ፣ አንቱ እግርዎ የፍየል ነው እንዴ?" ትለኛለች ዳገቱ ላይ።

"የኔስ የሰው ነው፤ ያንቺ ነው ባጃጅ የለመደው" እላታለሁ።

የዚያን ቀን የወጣነው ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበር። አባቷ እናቷን ሲደበድባት ኖሮ በመጨረሻ ገደላት፤ እሱም ደብረ ታቦር ታስሯል። የእናቷ የአክስት ልጅና ባሏ፣ ያልወለዱ ሰዎች፣ የጡት ልጅ አድርገው ሊያሳድጓት ፈለጉ። በእኛ አገር አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ይሰጣል፣ ልጁም ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ የአብራኩ ልጅ ነው። የፍርድ ቤቱም ነገር አለ፤ ልጅቷ ሰውየውን ካልተቀበለች ሩቅ ከተማ ወዳለ ማሳደጊያ ትሄዳለች ተብሏል። እሷ ደግሞ እሱ በመጣ ቁጥር ትጠፋለች። ሰውየው እንኳን ልጅ ዶሮ አያባርር። የምትፈራው ኮቴውን ነው፤ ቡትስ ጫማው ድንጋይ ሲረግጥ ፊቷ አመድ ይመስላል።

ስንደርስ የለችም። ሚስትየዋ ማሩን በጣባ ይዛ ደጅ ቆማለች።

"ኮቴውን ሰማች፤ ዞር ስል የለችም" አለችን።

የት እንደሄደች ልቤ ነገረኝ። የእናቷ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከዚያ ነገር ወዲህ ሰው አይገባበትም። ባልየውን "ማሩን ይዘህ ከኋላ ተከተለን" አልኩትና ሁለታችን ቀደምን። ቀትር ነበር፤ ግን ጉሙ ከጉና ወርዶ የራሴን በትር እንኳ ጫፉን አላይም።

ቤቱን ሳማ ውጦታል። በሩ ከውጭ በገመድ እንደታሰረ ነው፤ ቋጠሮው ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

"እዚህማ የለችም" ብላ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ልትመለስ ስትል፣ ከውስጥ አንድ ነገር ኳ አለ። የጎታ ክዳን ሲገጠም እንደዚያ ነው የሚለው።

ገመዱን ፈትተን ገባን። የበረደ አመድ ይሸታል። በጓሮ በኩል የጥጆች መግቢያ ሽንቁር አለ፤ ልጅቷ በዚያ ሾልካ ኖሯል። ጎታው ሥር ተንበርክኬ የእህል ማውጫውን ውታፍ ነቀልኩት።

"ልጄ" አልኳት።

"ቀስ ይበሉ፤ እናቴ ተኝታለች።"

ጆሮዬን ብጠጋ ትንፋሽ ሰማሁ። የአንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ዛሬም አፌን ሞልቼ አልናገርም። እናቷ ዱላ ስትሸሽ ልጇን ይዛ እዚያ ትገባ ነበር።

"ይበቃችኋል ቦታው?" አልኳት።

"እኔ ጥጉን ይዣለሁ። ለሷ ትቼላታለሁ።"

ከውጭ ኮቴ መጣ። ከባድ ነው፣ እየቀረበ ነው። ትንፋሹ ሁሉ ጸጥ አለ።

"መጣ። ይድፈኑት" አለች።

ኮቴው ደጃፉ ላይ ቆመ። ቡትሱን ሲያወልቅ ተሰማን፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

"አይገባም እንዴ?"

"ካልጠራሽው አይገባም።"

"አባቴ በር ላይ ቆሞ አያውቅም" አለች። ቀጠለችና "የት ላይ ነው የቆመው?"

"ሳማው ላይ፣ በባዶ እግሩ።"

"ይለበልበዋላ።"

"ይለበልበዋል።"

አሰበችበት። "በቃ ይግባ።"

ገባና ከአጠገቤ ተንበረከከ፤ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ በቀዳዳው ሰደደው። እኛ የምናየው ፊቱን ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ድንገት ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በጺሙ ወረደ። ያኔ አወቅን።

ስትወጣ "ክዳኑን አትግጠሙት" አለችን።

በመመለሻው ትንሿ የሰውየውን ጣት ይዛ ከፊት፣ እኔና የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ከኋላ ሆንን። ወንዙን እንደተሻገርን አጠገቤ ያለችው ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

"እማማ፣ ከኋላችን ማነው?"

እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እርጥብ ሣር የሚረግጥ ባዶ እግር።

"ዝም ብለሽ ሂጂ" አልኳት፤ ወደ ጉሙም አልዞርኩ።

ቤት ደርሰን ሁላችን ገባን። ብርዱ ስለገባ ሚስትየዋ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። ባሏ እጇን ያዛት።

"ትንሽ ይቆይ" አለ።